ኃይልን ከምንጩ መቀነስ

በቲዩብ የሚሠራ የጊታር አምፕሊፋየር በጠባብ ክፍል ውስጥ ለሚጫወት ሰው አንድ የታወቀ ችግር ይፈጥራል። የቮልዩሙ ማዞሪያ ከ1 እስከ 10 ቁጥር ተጽፎበታል፤ የሚያገለግለው ግን ከ1 እስከ 2 ያለው ብቻ ነው። ከዚያ ሲወርድ ድምፁ ይጠፋል፤ ጥቂት ሲያልፍ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ ንጹሕ መሆን የነበረበት ድምፅም ይሻክራል። በዚያች ትንሽ ቦታ ላይ ጣት ለዓይን በማይታይ መጠን ሲንቀሳቀስ ለጆሮ የሚደርሰው ልዩነት ትልቅ ስለሆነ፣ ተጫዋቹ የሚፈልገውን መጠን የሚያገኘው በዕድል ነው። ለዚህ ችግር የጊታር ሰዎች ከቆየ ጊዜ ጀምሮ የሚጠቀሙበት መፍትሔ አለ። ማዞሪያውን ትተው በአምፕሊፋየሩ ጀርባ በኩል ይገቡና የመጀመሪያውን ትንሽ ቲዩብ ነቅለው የማጉላት አቅሙ ባነሰ ሌላ ቲዩብ ይተኩታል። ሥራው ቀላል ነው። ጥያቄው ግን ፈላስፎችና መነኮሳት ሲከራከሩበት የኖሩት ነው፦ ሰው ኃይሉን ወዶ ሲቀንስ ነጻነቱ ይጠብባል ወይስ ይሰፋል? ይሰፋል ብዬ አምናለሁ። የቲዩቡን ጉዳይ የማነሣውም ለዚህ እምነት በቁጥር ሊታይ የሚችል ማስረጃ ስለሚሰጥ ነው።

ክርክሩ የሚቆመው በዝርዝሩ ላይ ስለሆነ አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ከጊታሩ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ምልክት እጅግ ደካማ ነው። መጀመሪያ የሚቀበለው አውራ ጣት የምታህል የመስታወት ቲዩብ ናት። በውስጧ የጋለው ካቶድ ኤሌክትሮኖችን ይለቃል፤ ግሪድ የሚባለው ቀጭን ሽቦ ደግሞ በመካከል ቆሞ የጊታሩን ምልክት እየተከተለ ፍሰቱን ያጠብባል፣ ያሰፋል። አብዛኞቹ አምፕሊፋየሮች በዚህ ቦታ የሚይዙት 12ኤኤክስ7 የተባለውን፣ አውሮፓውያን ኢሲሲ83 የሚሉትን ቲዩብ ነው። የማጉላት አቅሙ 100 ተብሎ ተመዝግቧል። በዚሁ መሰኪያ ላይ የሚገቡ ዘመዶች አሉት፤ 5751 አቅሙ 70፣ 12ኤቲ7 60፣ 12ኤዋይ7 44 ገደማ፣ 12ኤዩ7 20 ገደማ ነው። በሰርኪዩቱ ውስጥ ሲገቡ ቁጥሩ ይወርዳል። በተለመደው የ100 ሺህ ኦም ሬዚስተር 12ኤኤክስ7 ምልክቱን 60 እጥፍ ያህል ሲያጎላ 12ኤዋይ7 ወደ 30ዎቹ ዝቅ ይላል። ለመቀየር አምፕሊፋየሩ ይጠፋል፣ ገመዱ ከሶኬት ይነቀላል፣ ቲዩቡ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል። ከዚያ የብረት መሸፈኛው ጠምዘዝ ተደርጎ ይወጣል፤ ቲዩቡ በቀስታ ወዲያና ወዲህ እየተነቀነቀ ይሳባል፤ የአዲሱ ዘጠኝ እግሮች ከቀዳዳዎቹ ጋር ተገጣጥመው ይገፋሉ። ትልልቆቹ የኃይል ቲዩቦች ሲቀየሩ የሚያስፈልገው የባያስ (የመነሻ ጅረት) ማስተካከል አብዛኛውን ጊዜ እዚህ የለም፤ ትንሹ ቲዩብ በካቶዱ ላይ በተገጠመው ሬዚስተር አማካይነት ራሱን በራሱ ያስተካክላል።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነገር ብዙ ሰው ከሚገምተው ይለያል። አምፕሊፋየሩ አልደከመም። የመጨረሻውን የድምፅ ጉልበት የሚወስኑት ከኋላ ያሉት የኃይል ቲዩቦች፣ ትራንስፎርመሩና የኃይል ምንጩ ናቸው፤ እነርሱን የነካ የለም። ለውጡ መጠነኛ ከሆነ፣ ማዞሪያው ወደ ላይ ሲገፋ ድምፁ አሁንም እዚያው ከፍታ አጠገብ ይደርሳል። የተለወጠው ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ነው። ቀድሞ በ2 ላይ ይገኝ የነበረው ድምፅ አሁን ከፍ ባለ ቁጥር ላይ ይገኛል፤ በዝምታና በጩኸት መካከል የነበረው ክፍተት ተዘርግቶ ጣት ሊለየው የሚችል ሆኗል። ፎቁ ያው ፎቅ ነው፤ እርከኖቹ ግን አጠር ብለው በዝተዋል። ማጋነን አያስፈልግም፤ ጌይኑ፣ ማለትም የማጉላቱ መጠን፣ በግማሽ ሲቀንስ ልዩነቱ 6 ዴሲቤል ነው፣ ለጆሮም ድምፁ በግማሽ የወረደ አይመስለውም። ሆኖም በዚያች በጠበበች የማዞሪያ ክፍል ውስጥ ይህ መጠነኛ ለውጥ መጫወት በመቻልና ባለመቻል መካከል ያለውን ልዩነት ሊፈጥር ይችላል።

ከዚህ የምወስደው ሐሳብ ይህ ነው። ነጻነትን አብዛኛውን ጊዜ የምንለካው በጣሪያው ነው፦ ምን ያህል መናገር፣ ምን ያህል መግዛት፣ ምን ያህል መቆጣት፣ ምን ያህል መደሰት እችላለሁ? በዚህ መለኪያ ከሄድን ማንኛውም ቅነሳ ኪሳራ ነው። ነገር ግን ለሚመርጥ ፍጡር ከጣሪያው በላይ የሚጠቅመው በምንምና በሁሉም መካከል ለይቶ ሊቆምባቸው የሚችላቸው ደረጃዎች ብዛት ነው። ወይ ዝም የሚል ወይ የሚጮህ ሰው ትልቅ ድምፅ አለው፤ ምርጫው ግን ሁለት ብቻ ነው። መምከር፣ መገሠጽ፣ ማባበል፣ መጠየቅ፣ በአንድ ቃል ማቆም ለእርሱ የተዘጉ ናቸው። ተቆጥቶ የተናገረ ሰው በኋላ «እንዲህ ማለት አልፈለግሁም» ሲል ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። ሊል የፈለገው በ3 ላይ ነበር፤ እጁ ግን ከ1 በቀጥታ ወደ 8 ዘለለ።

መሐንዲሶችም ይህን እውነት የተቀበሉት በቀላሉ አልነበረም። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አሥርት ዓመታት የስልክ ድምፅ በአሜሪካ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዲሄድ በመስመሩ ላይ ብዙ አምፕሊፋየሮች በተከታታይ መቆም ነበረባቸው፤ እያንዳንዱ የሚጨምረው መጣመምም እየተደራረበ ንግግሩን ያበላሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1927 ሃሮልድ ብላክ የተባለ የቤል ላቦራቶሪ መሐንዲስ በጀልባ የሃድሰንን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ሥራው ሲሄድ መፍትሔው መጣለትና በያዘው ኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ገጽ ላይ ጻፈው። ሐሳቡ ከሚወጣው ድምፅ ከፊሉን ገልብጦ ወደ መግቢያው መመለስ ነው። ጌይኑ በብዙ እጥፍ ይወድቃል፤ መጣመሙም አብሮት ይወድቃል። ሰዎች ማጉላትን ለማሳደግ በሚደክሙበት ዘመን አንድ ሰው የተገኘውን ማጉላት አብዛኛውን እንጣለው ብሎ ተነሣ። በ1928 ያቀረበው የፓተንት ማመልከቻ የጸደቀው በ1937 ነው። ዛሬ ያ መርሕ ከስልክ አልፎ በአብዛኞቹ የድምፅ መሣሪያዎች ውስጥ ይገኛል። ብላክ የቀየረው ቲዩብ አልነበረም፤ ዘዴውም ሌላ ነው። የሁለቱ መሠረት ግን አንድ ነው፦ ከሚያስፈልገው በላይ የሆነ ኃይል ለታማኝነት ሲባል ሊሰጥ ይችላል፤ የሰጠው ሰውም በልዋጩ የሚቀበለው ነገር አለው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ቀላል ነው፤ ቀላልነቱም ያጠነክረዋል። ማዞሪያ እያለ ቲዩብ መቀየር ለምን? ሰው ፈቃድ ተሰጥቶታል፤ ቁጣው ሲነሣ ይያዘው፣ ምኞቱ ሲገፋው ይከልክለው፤ ተፈጥሮውን መንካት አያስፈልገውም። ለዚህ መልስ ለመስጠት ማዞሪያው የት እንደተቀመጠ ማየት ይበቃል። በፌንደር ኩባንያ አምፕሊፋየሮችና ከእነርሱ በተቀዱት ብዙ ንድፎች ውስጥ የቮልዩሙ ማዞሪያ ያለው ከመጀመሪያው የማጉሊያ ደረጃ በኋላ ነው። የጊታሩ ምልክት ማዞሪያው ጋ ሲደርስ ቀድሞ ጎልቷል፤ ከኃይለኛ ፒክአፕ ወይም ከፔዳል የመጣ ከሆነ ጫፉ ተቆርጦም ሊሆን ይችላል። ማዞሪያው ማድረግ የሚችለው ያበጠውን ነገር አብዛኛውን መጣል ነው፤ የተበላሸውን ግን አያቃናም። የሰው ፈቃድም የሚደርሰው ብዙ ጊዜ እንዲሁ ዘግይቶ ነው። ስድቡ ሲሰማ ደም ወደ ፊት ሮጧል፣ ልብ ፈርዷል፣ መልሱም በአፍ ውስጥ ተሰናድቷል፤ ፈቃድ ደርሶ የሚይዘው የመጨረሻውን ቃል ብቻ ነው። አርስቶትል ለኒቆማኮስ በተሰየመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ሰባተኛ ክፍል ሁለት ሰዎችን ለይቷል። አንደኛው ክፉ ምኞት እየጎተተው ራሱን አሸንፎ መልካሙን ያደርጋል፤ ሁለተኛው ምኞቱ ራሱ ከአእምሮው ጋር ስለተስማማ መልካሙን ያለ ትግል ያደርጋል። ከሁለቱ የበለጠውን ስፍራ የሰጠው ለሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ሰው ማዞሪያውን ቀኑን ሙሉ ጨብጦ ይውላል፤ እጁ የደከመ ዕለት ምን እንደሚሆን ማንም ያውቃል።

የአገራችን የጾም ሥርዓት ይህን ልዩነት አሳምሮ ያውቃል። የዐቢይ ጾም 55 ቀናት ለአማኙ በእያንዳንዱ ማዕድ ላይ «ቅቤ ይግባ ወይስ አይግባ?» የሚል ጥያቄ አያቀርቡለትም። ጥያቄው ከምንጩ ደርቋል። ቅቤው ከወጥ ቤት ወጥቷል፣ ወጡ በዘይት ይሠራል፣ ሥጋ ቤቱ ተዘግቷል፣ ምግብ ቤቱ የሚያቀርበው የጾም በያይነቱ ነው። ብቻውን በፈቃዱ ብርታት ሁለት ወር ከሥጋ ለመራቅ የሚታገል ሰው የሚያወጣውን ጉልበት ጿሚው አያወጣም፤ ያ የተረፈ ጉልበት ለጸሎት፣ ለምጽዋት፣ ከተጣሉት ጋር ለመታረቅ እንዲውል ይጠበቃል። ጾሙ ከምግብ መታቀብ ብቻ ሆኖ የቀረበት ሰው ቲዩቡን ቀይሮ መጫወት እንደረሳ ሰው ነው፤ ይህን ስህተት ሰባኪዎቻችን ሳይታክቱ የሚወቅሱት በቂ ምክንያት ስላላቸው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከኢማኑኤል ካንት ወገን ይመጣል። ካንት በ1785 ባሳተመው የሥነ ምግባር መሠረት መጽሐፉ፣ በተፈጥሮው ርኅሩኅ ስለሆነ የሚረዳ ሰው ድርጊቱ መልካም ቢሆንም፣ የሥነ ምግባር ዋጋው ጎልቶ የሚታየው ርኅራኄ ሳይሰማው ግዴታው ስለሆነ ብቻ በሚረዳው ሰው ዘንድ እንደሆነ ይከራከራል። በዚህ መንገድ ከሄድን ጉልበቱን ከምንጩ የቀነሰ ሰው ምን ምስጋና አለው? የማይጮኽ አምፕሊፋየር ትሑት አይባልም። ተቃውሞው እውነት አለው፤ ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ይዘላል። አንደኛው፣ ትግሉ አልቀረም፤ ወደ ፊት ቀደመ እንጂ። ሰው በቁጣ ሰዓት የማያሸንፈውን ቁጣ በሰላም ሰዓት፣ በልምድና በሥርዓት፣ ቀስ እያለ ሊያበርደው ወስኗል፤ ውሳኔው የእርሱ ነው፣ ምስጋናውም ለዚያ ይገባዋል። ሁለተኛው የበለጠ ያስደንቀኛል። በመጀመሪያው ቲዩብ ላይ ጌይን ሲቀንስ በስሱ የተነካና በብርቱ የተመታ ክር በግልጽ ይለያያሉ፤ በሻካራው ድምፅ ተሸፍኖ የነበረው ያልጸዳ አነካክም ይሰማል። የተጫዋቹ ኃላፊነት በዛ። በሊቃውንቱ ዘንድ መጽሐፈ መነኮሳት ተብለው የሚታወቁት ፊልክስዩስ፣ ማር ይስሐቅና አረጋዊ መንፈሳዊ የሚተርኩት ሕይወትም እንዲህ ነው። ሰው ከተማውን ትቶ፣ መብሉን ቀንሶ፣ ዝምታን ሲይዝ ውጊያው አያበቃም፤ ከሥጋ ወደ ሐሳብ ይሸጋገራል፣ ቀድሞ በጩኸት ውስጥ ያልተሰሙት የትዕቢትና የምቀኝነት ሹክሹክታዎችም መሰማት ይጀምራሉ። ካንት የሚፈልገው ትግል እዚያ አለ፤ ይበልጥ የረቀቀ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከራሱ ከጊታር ታሪክ ይነሣል፤ የምፈራው ተቃውሞ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ የተሠራው የፌንደር ባስማን አምፕሊፋየር በመግቢያው ላይ የያዘው 12ኤዋይ7ን ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በምዕራብ ለንደን፣ ሃንዌል በተባለው ሰፈር የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ የነበረው የከበሮ መምህር ጂም ማርሻል ከኬን ብራንና ከወጣቱ ዱድሊ ክሬቨን ጋር ያንን ባስማን መነሻ አድርጎ የራሱን አምፕሊፋየር ሠራ። ጄቲኤም45 የተባለው ይህ ሥራ በመግቢያው ላይ የያዘው ኢሲሲ83ን ነው፤ በሌላ አባባል ልውውጡ የተደረገው እኛ ከምናወራለት ተቃራኒ ነው፣ ኃይል ተጨመረ። ስፒከሮቹም ሳጥኑም ሌላ ስለነበሩ ለውጡን ሁሉ ለአንድ ቲዩብ መስጠት አይገባም። ሆኖም በዚያ አቅጣጫ የተወለደው ሻካራ፣ ረጅምና የሚያለቅስ ድምፅ የሮክ ሙዚቃ ቋንቋ ሆነ። ማርሻል ልክን ቢያከብር ኖሮ ዓለም አንድ ትልቅ ውበት ባጣ ነበር። ታዲያ ራስን መግታት የፈሪዎች ምክር አይደለምን? አይደለም፤ ተቃውሞው ግን ሐሳቤን እንዳጠራ ያስገድደኛል። ትንሽ ሁልጊዜ ከብዙ ይሻላል አላልኩም። በሰፊ አዳራሽ፣ ከከበሮና ከባስ ጋር ለሚጫወት ሰው 12ኤኤክስ7 የሚሰጠው ኃይል በሙሉ ሥራ አለው፤ እርከኖቹም እዚያ ሊረገጡ ይችላሉ። መለኪያው በዚያም ያው ነው። ጌይን እየጨመረ ሄዶ ምልክቱ በሁሉም ደረጃ ሲቆረጥ በቀስታ የተነካውና በኃይል የተመታው ክር በአንድ ዓይነት ጉልበት ይወጣሉ፤ የእጅ ልዩነት ይጠፋል። ሻካራ ድምፅን በጥበብ የሚጠቀሙ ተጫዋቾች ይህን ስለሚያውቁ ነው የጊታሩን የራሱን ቮልዩም ዝቅ እያደረጉ ከሻካራው ወደ ንጹሑ የሚመለሱት። ድምፁ ቋንቋ የሆነው ብዙ ስለጮኸ ብቻ አይደለም፤ በውስጡ የሚለያዩ ነገሮችን ለመናገር የሚያስችል ስፍራ ስለተገኘ ጭምር ነው።

የቴክኒክ ሰዎች ደግሞ ሌላ ነገር ያስታውሱናል፤ ፈጠን ብዬ ባልፈውም ንቄው አይደለም። እነዚህ ቲዩቦች በእግር አቀማመጥ ቢመሳሰሉም በባሕርይ አንድ አይደሉም። ሰርኪዩቱ ለ12ኤኤክስ7 ታስቦ ተሠርቶ 12ኤዩ7 ሲገባበት የሚፈሰው ጅረት ይለወጣል፣ የቮልቴጁ ሚዛን ይዛባል፣ የድምፁም ቀለም አብሮ ይሄዳል። አንዳንዱ ጆሮ 12ኤቲ7ን በዚህ ቦታ ደረቅ ሆኖ ያገኘዋል። ጌይንን ብቻ ነጥሎ የሚቀንስ ቲዩብ የለም። በሰውም ላይ እንዲሁ ነው፤ ቁጣውን ከሥሩ የነቀለ ሰው አብሮት ለተበደለ የሚቆምበትን ድፍረት ነቅሎ ሊሆን ይችላል፣ ሐዘንን ላለመሰማት የደነደነ ልብም ደስታ አይገባውም። የግብፅ በረሃ አባቶች ይህን አይተዋል። መነኩሴው ዮሐንስ ካሲያን በዘገበው የአባ ሙሴ ንግግር ውስጥ፣ ከጾምም ከትጋትም በላይ መነኩሴን የሚያድነው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ታላቁ እንጦንስ የመረጠው ማስተዋልን ነው፤ በጾም ብዛት የወደቁ አረጋውያንም በዚያው ይነሣሉ። ስለዚህ ጠንቃቃው ባለሙያ ከ100 በቀጥታ ወደ 20 አይወርድም። 70ውን ይሞክራል፣ ያዳምጣል፣ ከዚያ ስለሚቀጥለው ያስባል።

የመጨረሻው ተቃውሞ የፍትሕ ነው፤ ለእኔ ከባዱም ይህ ነው። ራስን የመግታት ምስጋና በታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከጠገበ ሰው አፍ ወጥቶ ወደ ተራበ ሰው ጆሮ ተልኳል። ባለጸጋው ድሀውን በቃኝ በል ሲለው፣ ባል ሚስቱን ድምፅሽን ቀንሺ ሲላት፣ ገዥ ሕዝቡን ታገሥ ሲለው ሁሉም የትሕትናን ቃል ይዋሳሉ። ለዚህ የምሰጠው መልስ ምሳሌውን እስከ መጨረሻው መከተል ነው። ቲዩቡን የሚቀይረው የአምፕሊፋየሩ ባለቤት ነው፤ የነቀለውንም ቲዩብ በፈለገ ጊዜ መልሶ ይሰካዋል። ሌላ ሰው በሌሊት ገብቶ ቢነቅለው ስርቆት ይባላል። የሚበላው ያጣ ሰው ጾመ አንልም፤ ተራበ እንላለን፣ የሚገባውም ምግብ እንጂ ምክር አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች በጻፈው መልእክት ሁለተኛ ምዕራፍ ስለ ክርስቶስ ራስን ዝቅ ማድረግ ሲናገር ዝቅ ያለው ሁሉ ያለው ነው፤ ዝቅ ያደረገውም ራሱን ነው፤ ማንንም አላወረደም። ትምህርቱ ወደ ላይ የሚመለከተውን ሰው ለማሳነስ ከዋለ ተገልብጧል።

እዚህ ላይ ግን ምሳሌው የማይደርስበት ነገር መኖሩን መካድ አልችልም። ቲዩብ ይመለሳል፤ የምንኩስና ቃል ኪዳን ግን እንዲመለስ ተደርጎ አልተሠራም፣ ጋብቻም እንዲሁ። የኔ ክርክር ነጻነት የደረጃዎች ብዛት ነው የሚል ከሆነ፣ በር ዘግቶ ቁልፉን የሚጥል ስእለት እንዴት ነጻነት ይባላል? የማምነው፣ አንዳንድ ደረጃዎች የሚገኙት መመለስ ከቀረ በኋላ ብቻ እንደሆነ ነው። ነገ ልሄድ እችላለሁ እያለ የሚኖር ባል ከሠላሳ ዓመት ትዳር በኋላ የሚገኘውን የመተማመን ዓይነት ሊያውቀው አይችልም፤ ያ ደረጃ ለእርሱ በማዞሪያው ላይ የለም። ነገር ግን ይህ እምነት ብቻውን ማንንም ወደማይመለስ ውሳኔ ሊገፋ አይገባም፤ ገዳማቱም አይገፉም። መነኩሴ ከመሆኑ በፊት ሰው አመክሮ ይገባል፤ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ አረጋውያንን ያገለግላል፣ ኑሮው ይታያል፣ እርሱም ኑሮውን ያያል። በዚያ ጊዜ ውስጥ መሄድ ይችላል። የሚፈተነውም መከራውን መቻሉ ብቻ አይደለም፤ በተቀነሰው ኑሮ ውስጥ ልቡ ሰፍቶ ፍቅሩ መጨመሩ ወይም ጠብቦ መራራ መሆኑም ይታያል። መራራ ከሆነ፣ ልኩ ለእርሱ አልነበረምና አባቶች በሰላም ያሰናብቱታል።